መሰናክሉን የሠራው መሻገሪያውን ሲሸጥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን አንድ ላይ ማቅረብ መርጫለሁ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ አንዷ እናት፣ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ ነጋዴ ሲሆኑ የቀሩት ጨዋታ ለመሥራት የተነሡ ወጣቶች ናቸው። ሁሉም ግን የሚጠይቁት በስልክና በፕሌይስቴሽን የምንጫወታቸው ጨዋታዎች ከተጫዋቹ ገንዘብ ስለሚሰበስቡበት መንገድ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስማቸውንም ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ከተማ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ በመሸጥ ሦስት ልጆቼን የማሳድግ እናት ነኝ። ደንበኞቼ የሚከፍሉኝ በቴሌብር ነው። ማታ ማታ የ13 ዓመቱ ልጄ በስልኬ ጨዋታ ይጫወታል። ባለፈው ወር ሒሳቤን ሳመሳክር በሦስት ሳምንት ውስጥ 4,350 ብር፣ አንዳንዴ 150፣ አንዳንዴ 300 እየሆነ፣ ወደማላውቀው ሰው ሄዶ አገኘሁት። ልጄን ስጠይቀው እያለቀሰ «ዳይመንድ ገዝቼበት ነው፤ ጨዋታው ግን ነጻ ነው» አለኝ። ነጻ ከሆነ ገንዘቤ ለምን ሄደ? ልጄስ ሌባ ሆኖብኝ ነው ወይስ ተታሎ? ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል?

መልስ፦ ከምንም በፊት የቴሌብርዎን የምስጢር ቁጥር ዛሬውኑ ልጅዎ በሌለበት ይቀይሩ። አዲሱን ቁጥር የልደት ዓመት ወይም የስልክዎ የመጨረሻ አኃዞች አያድርጉት፤ ልጆች መጀመሪያ የሚሞክሩት እነዚያን ነው።

ስለ ልጅዎ የጠየቁኝን ደግሞ በቀጥታ ልመልስ። ሳያስፈቅድ ገንዘብ ወስዷል፤ ይህ ጥፋት ነው፣ ጥፋት መሆኑም ሊነገረው ይገባል። ሆኖም «ሌባ» የሚለው ስም እንዲለጠፍበት አልፈልግም፤ ምክንያቱም ፊቱ የቀረበለት ነገር የ13 ዓመት ልጅ ቀርቶ ደመወዝ የሚያገኝ ጎልማሳ እንኳ ኪሱን እንዲፈታ ታስቦ የተሠራ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ያየሁትን ልንገርዎ።

ባለፈው ክረምት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከጎረቤቴ ልጅ አጠገብ ተቀምጬ አንድ የከተማ ግንባታ ጨዋታ ሲጀምር ከመጀመሪያው አንሥቶ ተመለከትሁ። የመጀመሪያው ቤት በ10 ሰከንድ ተሠራ፤ ሁለተኛው በ30። በየደቂቃው ወርቅ ይፈስሳል፣ ደወል ይደወላል፣ ልጁም ደስ ይለዋል። ከዚያ ጨዋታው 50 አረንጓዴ ዳይመንድ፣ ማለትም በጨዋታው ውስጥ ብቻ የሚሠራ ገንዘብ፣ በስጦታ ሰጠውና ወዲያው «ግንባታውን በዳይመንድ አፋጥን» ብሎ አዘዘው። የቀሩት ቁልፎች ሁሉ ደብዝዘው ስለነበር ያንን ቁልፍ ሳይነካ ማለፍ አይችልም፤ ዳይመንድ ማውጣትን እንደ ፊደል ነበር የሚያስቆጥረው። ከ40 ደቂቃ በኋላ አንድ ቤት ለመሥራት 2 ሰዓት፣ ወደ ማምሻው ደግሞ 14 ሰዓት መጠበቅ ግድ ሆነ። በዚያን ጊዜ የተሰጠው ዳይመንድ አልቋል። ልጁ አውራ ጣቱን ከቁልፉ በላይ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ የለመነኝ በዓይኑ ነበር።

ያ 14 ሰዓት ምን የሚሠራበት ነው? በስልኩ ውስጥ ድንጋይ የሚፈልጥ ግንበኛ የለም፤ እስኪደርቅ የሚጠበቅ ሲሚንቶም የለም። ቁጥሩን የጻፈው ዳይመንዱን የሚሸጠው ድርጅት ራሱ ነው። እርስዎ በርበሬ ሲሸጡ ደንበኛዎ በቤቱ የጎደለውን ነገር ያቀርቡለታል፤ እዚህ ግን ሻጩ መጀመሪያ ጉድለቱን ይፈጥራል፣ ቀጥሎም ማሟያውን ይሸጣል። መሰናክሉን የሠራውም መሻገሪያውን የሚሸጠውም አንድ ሰው ሲሆን፣ መሰናክሉ በየጊዜው ከፍ እያለ እንደሚሄድ ለመገመት የጨዋታ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ብልሃት ዳይመንዱ ነው። ልጅዎ በጨዋታው ውስጥ «300 ብር» የሚል ዋጋ አላየም፤ ያየው «120 ዳይመንድ» የሚል ነው። ዳይመንዱ የሚሸጠው በ100 ጥቅል ነው እንበል። የሚፈልገው ዕቃ 120 ከሆነ ሁለት ጥቅል መግዛት አለበት፤ 80 ዳይመንድ ይተርፈዋል። በተረፈው 80 የሚገዛ ነገር ሲፈልግ 100 የሚያወጣ ያገኛል፤ ስለዚህ ደግሞ ይገዛል። ትርፍራፊው ሆን ተብሎ እንዲተርፍ የተሠላ ነው፤ ገንዘቡም መልኩን ስለቀየረ ልጁ የእናቱን ላብ እያወጣ መሆኑ አይታወቀውም። ከሚጫወተው ሰው አብዛኛው አንድም ሳንቲም አይከፍልም፤ የድርጅቱ ገቢ የሚሰበሰበው ብዙ ከሚከፍሉ ጥቂቶች ነው። በሙያው ውስጥ እነዚህን ጥቂቶች «ዓሣ ነባሪ» ብለው ይጠሯቸዋል። አንድን ሰው በዚህ ስም መጥራት፣ ያውም ከመካከላቸው ልጆች እንዳሉ እየታወቀ፣ እኔን ያሳዝነኛል።

ይህ በእርስዎ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 አፕል ልጆች ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ ለፈጸሙት ግዢ ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አስማምቶታል። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ፎርትናይት የተባለው ጨዋታ ባለቤት ኤፒክ ጌምስ፣ ቁልፎቹን ሰው ሳያስብ እንዲገዛ በሚያደርግ መንገድ በማስቀመጡ፣ 245 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾች እንዲመልስ ተወስኗል። በእነዚያ ጉዳዮች ተጠያቂ የሆነው ልጁ ሳይሆን ድርጅቱ ነበር።

ስለ ገንዘቡ መመለስ እውነቱን ልንገርዎ። ግዢው የተፈጸመው በጉግል ፕሌይ በኩል ቢሆን ኖሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ተመላሽ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ከዚያ ካለፈም ለጨዋታው ሠሪ መጻፍ ይቻላል። እርስዎ እንደገለጹት ግን ገንዘቡ የሄደው ወደ ግለሰብ ነው። በቴሌግራም ዳይመንድ የሚያስሞሉ ደላሎች ብዙዎች ናቸው፤ ዳይመንዱ አንዴ ከገባና ጥቅም ላይ ከዋለ በኋላ የሚመልስ አላየሁም። ልጅዎ ለዚያ ሰው የጨዋታውን የይለፍ ቃል ሰጥቶት እንደሆነ ይጠይቁት፤ ሰጥቶት ከሆነ ያንንም ይቀይሩ። በብዙ ጨዋታዎች ዳይመንድ ለማስሞላት የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ብቻ ይበቃል፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሰው ሌላ ዓላማ ሊኖረው ይችላል።

የሚቀረው ከልጅዎ ጋር መነጋገር ነው። የሒሳቡን ዝርዝር ከፊቱ ያስቀምጡና 4,350 ብር ስንት ኪሎ በርበሬ እንደሆነ አብራችሁ አስሉ። ከዚያ የሚቀጥለው በርበሬ ሲቀነጠስና ፀሐይ ላይ ሲሰጣ አብሮዎት ይዋል፤ ለቅጣት ብለው ሳይሆን ያ ገንዘብ በምን ያህል ሰዓት እንደሚመጣ እጁ እንዲያውቀው ነው። ጨዋታውን ፈጽሞ መከልከል የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ያ 14 ሰዓት የውሸት መሆኑን ካሳዩት፣ የ13 ዓመት ልጅ ለመረዳት የሚሳነው ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ደሴ ሆጤ አካባቢ የምኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በምጫወተው የተኩስ ጨዋታ አንድ የመሣሪያ ስኪን (የመሣሪያው መልክና ቀለም) በገንዘብ ከሚከፈት የዕድል ሣጥን ነው የሚወጣው፤ የመውጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ተብሎ ተጽፏል። እስከ አሁን 60 ሣጥን ከፍቼ አልወጣልኝም። ጓደኞቼ «አሁን ከተውክ ኪሳራ ነው፤ ሊወጣልህ ቀርቧል» ይሉኛል። ቀርቦልኛል? ይህስ ቁማር ነው የሚባለው?

መልስ፦ አብሽር፤ መልሱ በ11ኛ ክፍል ሒሳብ የሚደረስበት ነው። አልቀረበልህም። ሣጥኑ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደከፈትህ አያስታውስም፤ 61ኛውም ዕድሉ 1 በመቶ ነው፣ 200ኛውም 1 በመቶ ነው። ለእያንዳንዱ ሙከራ ያለመውጣት ዕድሉ 0.99 ስለሆነ፣ 60 ጊዜ ተከታትሎ ያለመውጣቱ ዕድል 0.99ን 60 ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ ውጤቱ 0.55 ያህል ነው። እንዳንተ 60 ሣጥን ከከፈቱ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል ማለት ነው። እስከ 100 ብትቀጥል እንኳ ከ100 ሰው ወደ 37ቱ ምንም አያገኝም። «1 በመቶ» ሲባል ብዙ ሰው «100 ብከፍት አንዱ የግድ ይወጣል» ብሎ ይረዳዋል፤ ግን እንደዚያ አይደለም። አንዳንድ ጨዋታዎች «ከዚህን ያህል ሙከራ በኋላ በእርግጠኝነት ይሰጥሃል» የሚል ዋስትና ያስቀምጣሉ፤ አንተ በምትጫወተው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በግልጽ ተጽፎ ካላየህ እንደሌለ ቁጠረው። እስከ አሁን ያወጣኸው ገንዘብ ብትቀጥልም ብትተውም አይመለስም፤ ስለዚህ የምትወስነው ስለሚቀጥለው ብር ብቻ ነው።

ከዚህ ሣጥን የባሰ አሠራርም ነበር፤ በምሳሌ ላሳይህ። አንድ ነጋዴ በደሴ ሰኞ ገበያ ስድስት ዓይነት ቀለም ያላቸውን ሲኒዎች በታሸገ ወረቀት እየጠቀለለ አንድ በአንድ ይሸጣል እንበል፤ ሁሉንም ቀለም ላሟላ ብቻ ረከቦት ይሸልማል። ስድስቱን ቀለም ለማሟላት በአማካይ ወደ 15 ሲኒ መግዛት ያስፈልጋል፤ የመጨረሻዋን ቀለም ብቻ ለማግኘት በአማካይ ስድስት። አምስቱን የያዘች ሴት ረከቦቱን በዓይኗ እያየች መተው ይከብዳታል፤ ነጋዴው የሚያተርፈውም ከዚያች ከመጨረሻዋ ሲኒ ነው። በጃፓን በስልክ ጨዋታዎች ውስጥ ይህ አሠራር «ኮምፕ ጋቻ» ይባል ነበር፤ የሸማቾች ጉዳይ ባለሥልጣኑ እ.ኤ.አ. በ2012 ሕገ ወጥ መሆኑን ሲያስታውቅ ድርጅቶቹ አቁመውታል።

ቁማር ነው ወይ ላልኸው፣ አገሮች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሣጥኖቹ ዕድል በቁጥር እንዲገለጽ አዘዘች፤ ያንተም ጨዋታ «1 በመቶ» ብሎ መጻፉ እንዲህ ያሉ ትእዛዞች ውጤት ነው። የቤልጅየም የቁማር ኮሚሽን በ2018 የእግር ኳስ ጨዋታውን ፊፋ 18ን ጨምሮ በሦስት ታዋቂ ጨዋታዎች ውስጥ የሚሸጡት ሣጥኖች በሕጉ መሠረት ቁማር ናቸው ብሎ ወሰነ፤ በዚህም ምክንያት የፊፋ የካርድ ጥቅል መግዣ ነጥብ በ2019 መጀመሪያ ከዚያ አገር ገበያ ወጣ። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተደረገ ጥናት፣ በቤልጅየም ከፍተኛ ገቢ ካላቸው 100 የአይፎን ጨዋታዎች ውስጥ 82ቱ አሁንም የዕድል ሣጥን እንደሚሸጡ አሳይቷል። ሕግ ማውጣትና ማስከበር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በዚህ አያለሁ።

የኔን አስተያየት ከፈለግህ፣ ከፍለህ የምትወስደውን ነገር ከመክፈልህ በፊት ካላወቅኸው፣ ያ ግዢ አይደለም፤ ዕጣ ነው። ዕጣውን ከስልክህ ሌላ የትም ይዘኸው መሄድ አትችልም። ስኪኑን በጣም ከወደድኸው በቀጥታ በዋጋው የሚሸጥበትን ጊዜ ጠብቅ፤ በቀጥታ የማይሸጡት ከሆነ ለምን እንዳልሸጡት አስብበት።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አራት ፕሌይስቴሽን ያለው ቤት አለኝ፤ የማስከፍለው በግጥሚያ ነው። አንዳንድ ወላጆች «አንተም ልጆቻችንን በየግጥሚያው ታስከፍላለህ፤ ከስልኩ ጨዋታ በምን ትሻላለህ?» ይሉኛል።

መልስ፦ ይሻላሉ፤ በግልጽም ይንገሯቸው። እርስዎ የሚያስከፍሉት ዋጋ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የከፈለው ልጅ የሚያገኘውን አውቆ ይከፍላል፣ ግጥሚያው ሲያልቅ ይነሣል፣ ሁለቱ ተጫዋቾችም እኩል ከፍለው በእኩል ይጋጠማሉ። የከፈለ ልጅ ተጨማሪ አጥቂ አይሰጠውም። የስልኩ ጨዋታ ግን ብዙ የከፈለውን ያበረታል፣ ያልከፈለውን ደግሞ ለእሱ መደብደቢያ እንዲሆን ያሰልፈዋል።

በሳንቲም የሚሠሩት የድሮዎቹ የጨዋታ ማሽኖችም ንጹሕ አልነበሩም። ባለ ሱቁ የጨዋታውን ክብደት ከማሽኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት ማብሪያ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ደብል ድራገን 3 ደግሞ በጨዋታው መሐል ሱቅ ከፍቶ ጉልበትና ተጨማሪ ተዋጊ በእውነተኛ ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በጃፓን በወጣው ቅጂ ላይ ያ ሱቅ ተነሥቷል።

አንድ ነገር ግን ላስታውስዎ። መብራት በግጥሚያ መሐል ሲጠፋ ገንዘቡን ይመልሱ ወይም ግጥሚያውን ለሌላ ቀን ይያዙላቸው። ብዙ ቤቶች ይህን አያደርጉም፤ ልጆቹም አፍረው አይጠይቁም።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የምንማር አራት ተማሪዎች ነን፤ የስልክ ጨዋታ እየሠራን ነው። ተጫዋቹ አይሱዙ ጭኖ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል። ለማሳደግ ገንዘብ ያስፈልገናል። አንዱ ጓደኛችን «ነዳጁ ሐረጎ ወገብ ላይ እንዲያልቅ እናድርግና እንሸጥለት፤ ሁሉም የሚያደርገው ይህንን ነው» ይላል። ሁለታችን ተቃወምን፣ አንዱ መሐል ላይ ነው። ገንዘብም እንድናገኝ፣ ሰውንም እንዳናታልል እንዴት እናድርግ?

መልስ፦ ደብዳቤያችሁን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሐረጎን በአይሱዙ የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ጨዋታ ይፈልገዋል፤ እኔም እፈልገዋለሁ። ስለዚህ ጓደኛችሁን ለመውቀስ ሳይሆን ጨዋታችሁ እንዳይበላሽ በማሰብ ነው የምጽፈው።

ነዳጅ የሚያልቅበት ጨዋታ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ግሩም ሐሳብ ነው። እውነተኛው ሹፌር ዳገቱን የሚወጣው ማርሽ መቼ እንደሚቀንስ ስለሚያውቅ፣ ጭነቱን ስለመዘነ፣ በመታጠፊያው ላይ ከላይ የሚወርደውን መኪና ቀድሞ ስላየ ነው። ያለ አግባብ ነዳጅ የረገጠ ይቆማል። ይህን በጨዋታ ውስጥ ብታስገቡት ተጫዋቹ ሦስት ጊዜ ቆሞ በአራተኛው ሲደርስ የራሱ ብልሃት እንዳደረሰው ያውቃል። ነዳጁ የሚያልቀው ግን ቢጠነቀቅም ባይጠነቀቅም እናንተ በወሰናችሁት ኩርባ ላይ ከሆነ፣ ያ ዳገት መሆኑ ቀርቶ ኬላ ይሆናል።

ከሁሉ የምፈራላችሁ ደግሞ ነገ በእጃችሁ ላይ የሚደርሰውን ነው። ነዳጁን መሸጥ ከጀመራችሁ፣ ገቢ በቀነሰበት ወር ሁሉ ከመካከላችሁ አንዱ «ዳገቱን ትንሽ እናርዝመው» ይላል። በዚያን ጊዜ ጨዋታውን የምታሻሽሉት ለተጫዋቹ ደስታ ሳይሆን ትዕግሥቱን ለመጨረስ ይሆናል፤ ጨዋታ መሥራት የጀመራችሁበት ምክንያትም ይጠፋባችኋል። ትልልቆቹም ድርጅቶች በዚህ ተሰናክለዋል። የጨዋታ ድርጅቱ ብሊዛርድ ዲያብሎ 3ን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ ተጫዋቾች መሣሪያ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገበያዩበት ጨረታ ከፍቶ ነበር። የጨዋታው ደስታ ግን ጭራቅ ገድሎ መሣሪያውን በራስ እጅ ማግኘት ስለነበር፣ ጨረታው ያንኑ ደስታ ገደለው፤ ድርጅቱም ይህን አምኖ በመጋቢት 2014 ዘጋው። በ2017 የወጣው የስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2 ታሪክ ከዚህ ይብሳል። ሙሉ ዋጋ ተከፍሎበት የተገዛ ጨዋታ ሆኖ ሳለ የፊልሙን ታዋቂ ገጸ ባሕርይ ዳርዝ ቬደርን ለማግኘት 60,000 ነጥብ ይጠይቅ ነበር፤ ተጫዋቾች አስልተው ወደ 40 ሰዓት ጨዋታ እንደሚፈጅ አሳዩ፤ በአንጻሩ የዕድል ሣጥን በገንዘብ የገዛ ሰው ፈጥኖ ይበረታ ነበር። ቁጣው ከመበርታቱ የተነሣ ጨዋታውን ያወጣው ድርጅት መጀመሪያ ነጥቡን ወደ 15,000 ዝቅ አደረገ፤ ጨዋታው በይፋ ሊወጣ ሰዓታት ሲቀሩት ደግሞ የገንዘብ ሽያጩን በሙሉ አቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ሽያጩ ሲመለስ የሚሸጠው መልክና ልብስ ብቻ ሆነ፤ ጉልበት በገንዘብ መግዛት ቀረ።

ስለዚህ አንድ ፈተና ልስጣችሁ። ሱቁን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ጨዋታውን ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ተጫወቱት፤ ከእናንተ ውጭ ለሆኑ አሥር ሰዎችም ስጡ። ከተጫዋቾቹ አንዱ «እዚህ ጋ ከፍዬ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር» ያለበት ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ አሰልቺ ሆኖ ተሠርቷል ማለት ነው፤ አስተካክሉት እንጂ ዋጋ አትለጥፉበት። ሱቁ ተዘግቶ ደስ የሚል ጨዋታ ከሆነ በኋላ ነው ምን እንሸጥ ብላችሁ መነጋገር ያለባችሁ።

ምን ትሸጣላችሁ? እንደ እኔ ቢሆን ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለውን መንገድ በነጻ እለቅቀው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደውን፣ እያንዳንዱን መንገድ አንድ ጊዜ በሚከፈል ዋጋ ሽጡ። የባቲን ቁልቁለት ለመንዳት የሚከፍል ሰው ገንዘቡን የሚሰጠው ለሠራችሁት ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የመኪና ጌጥ አለ። የአገራችን የጭነት መኪና ከኋላው ጥቅስ፣ ከፊቱ መጋረጃና ዘርፍ፣ ከላዩ ቀለም የማይለየው ነው፤ ይህን ያህል ሀብት ከእጃችሁ ሳለ የሌላ አገር ስኪን መኮረጅ አያስፈልጋችሁም። በመኪና ላይ ጥቅስ የሚጽፉትን ባለሙያዎች ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ሥራቸውን ስትጠቀሙ ግን ክፈሏቸው። ጌጥ የገዛ ሰው አይሱዙው ያምርለት እንጂ ዳገቱን ካልገዛው ሰው ፈጥኖ አይውጣ።

ማስታወቂያ ማስገባት ካለባችሁ ዳገት መሐል አታስገቡት፤ ደሴ ከገባ በኋላ፣ ተጫዋቹ ራሱ ሲፈቅድ ይሁን። «ሊያልቅ 2 ሰዓት ቀረው» የሚል ቆጣሪ አትለጥፉ፤ በስልክ ውስጥ ያለ ቀለም አያልቅም፣ ያልቃል ማለት ውሸት ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንደሚጫወተው አስባችሁም፣ ከእያንዳንዱ ክፍያ በፊት አንድ ጊዜ ቆም አድርጎ የሚጠይቅ ገጽ አስቀምጡ። ከላይ የጻፉልን እናት የናንተው ከተማ ሰው ናቸው፤ ገጹን ስትሠሩ ልጃቸውን አስቡት።

አሁን የምነግራችሁን ጓደኛችሁም ይስማ፤ ምክንያቱም የእርሱ ክርክር ባዶ አይደለም። በዚህ መንገድ የምታገኙት ገንዘብ ነዳጅ ብትሸጡ ከምታገኙት ሊያንስ ይችላል፤ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት። አንድ ጊዜ ተሸጠው ዓለምን ያዳረሱ ጨዋታዎች አሉ፤ ማይንክራፍት ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ ስታርዲው ቫሊ ደግሞ በአንድ ሰው ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣ በኋላ በ2024 መጨረሻ 41 ሚሊዮን ደርሷል፣ ሠሪውም ማሻሻያዎቹን ለገዙት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው የሚሰጠው። ይህን የምጠቅሰው እናንተም እዚያ ትደርሳላችሁ ለማለት አይደለም፤ ብዙ ጥሩ ጨዋታ ሳይታይ ይቀራል። የምጠቅሰው «ሁሉም የሚያደርገው ይህንን ነው» የሚለው እውነት ስላልሆነ ነው።

በመጨረሻ ዋጋውን የምትጽፉበትን መንገድ በተመለከተ፦ ዳይመንድ፣ ወርቅ፣ ኩፖን የሚባል ነገር ከመሐል አታስገቡ። የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት መመሪያ፣ በጨዋታ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ዋጋ በእውነተኛው ገንዘብ ጭምር በግልጽ እንዲታይና ሰው ከሚፈልገው በላይ የጨዋታ ገንዘብ ለመግዛት እንዳይገደድ ጠይቀዋል። ለእናንተ ይህ ከባድ አይደለም። የባቲ መንገድ 60 ብር ከሆነ ቁልፉ ላይ «የባቲ መንገድ፣ 60 ብር» ብላችሁ ጻፉ፤ ከፋዩም በቴሌብር 60 ብር ይክፈል፣ ባቲም ትከፈትለት።